በባዶ ካዝና የመሰከርኩት

ሽጉጥ በራሱ አይዘጋም ብዬ የመሰከርኩት ቢቸና ውስጥ፣ በሦስት ሰዎች ፊት ነው። ስመሰክር የተናገርኩት እውነት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ይህን ከፊት የማስቀድመው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ካወራሁት ለራሴ ምክንያት እየደረደርኩ እንደምሄድ ስለማውቅ ነው። ብቻዬን ሆኜ ሳስበው ስንት ጊዜ እንደዚያ አድርጌያለሁ።

በዚያን ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የጥበቃ መሣሪያዎች ኃላፊ ነበርኩ። ከዚያ በፊት ረጅም ዘመን በሠራዊት ውስጥ መሣሪያ ስጠግን ኖሬያለሁ። መሥሪያ ቤቱ ዋና ቢሮው ቢቸና፣ ቅርንጫፉ ሞጣ ነው። ሽጉጦቹንና ጠመንጃዎቹን እመረምራለሁ፣ የተበላሸውን እጠግናለሁ፣ ጥበቃዎቹን አሠለጥናለሁ። በየሦስት ወሩ እያንዳንዱን መሣሪያ ፈትቼ አይቼ ለሥራ ብቁ ነው ብዬ እፈርማለሁ። ስለ መሣሪያ ክርክር ከተነሣ ሰው ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ከተናገርኩ በኋላ የሚከራከር አልነበረም። ያንን ክብር እወደው ነበር። ምን ያህል እወደው እንደነበር ያወቅሁት ግን በኋላ ነው።

ከጥበቃዎቹ አንዷ ሴት ናት። ትውልዷ የጁቤ ከተማ ነው። ባሏ ሞቶባት ትንሽ ልጇን ይዛ ቢቸና መጥታ በጥበቃነት ተቀጠረች። ሥራዋን ጠንቅቃ የምትሠራ፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። ከእሷ ጋር የሚፈራረቀው ጥበቃ በዕድሜ እኔን የሚያህል የቢቸና ሰው ነው። የሁለቱ ቤት እንደ አንድ ቤት ነበር፤ የሰውየው ሚስት የልጅቷ የክርስትና እናት ነበረች። እናቲቱ ተረኛ ስትሆን ልጅቷ የምትውለው እነሱ ቤት ነው።

ጠዋት ጠዋት የፈረቃ ርክክብ አለ። ተራው ያለቀው ጥበቃ ጥይት የሚይዘውን ካዝና ከሽጉጡ እጀታ ያወጣል፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ክፍት አድርጎ ይቆልፈዋል፣ ውስጡ ጥይት እንደሌለ አሳይቶ ያስረክባል። የሚረከበው አይቶ ካዝናውን ይከታል። የላይኛው ብረት ክፍት ሆኖ የሚቆየው በሽጉጡ ጎን ባለች ትንሽ መያዣ ነው። መያዣዋን በአውራ ጣት ሲጫኗት ብረቱ ወደ ፊት ይወረወርና ከካዝናው ራስ አንድ ጥይት ገፍቶ ያጎርሳል። ሳይጫኗት መሄድ የለበትም። የመያዣዋ ጫፍ በአገልግሎት ብዛት ከተበላ ግን፣ ጥይት የሞላ ካዝና በኃይል ተመትቶ ሲገባ ብረቱ በምቱ ብቻ ያመልጣል። ማንም ሳይነካው ይዘጋል፤ ሲዘጋም ጥይት ይጎርሳል። ሠራዊት ውስጥ ሳለሁ ይህን ሁለት ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። አንደኛውን ሽጉጥ የጠገንኩት እኔው ነኝ።

ስለዚህ የሚሻለው ባዶውን ሽጉጥ መጀመሪያ ዘግቶ፣ ካዝናውን ከዚያ በኋላ መክተት ነው። እኔ ግን ርክክቡ እንዲፈጥን ብረቱ ክፍት እንዳለ እንዲከቱትና እንደተከፈተ እንዲይዙት፣ ሲያስፈልግ ብቻ እንዲያቀባብሉት አስተማርኳቸው። እነዚያ ሁለቱ እየተፈራረቁ የሚይዙት ሽጉጥ ካዝና ደግሞ ጠበቅ ይል ነበር። አልገባ እያላት ስትቸገር አይቼ፣ በመዳፏ እንድትመታው፣ እንደማይሰበር የነገርኳት እኔ ነኝ።

አደጋው ከመድረሱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ወደ መሣሪያ ክፍሉ መጣች። ካዝናውን ስትከት ብረቱ በራሱ እንደተዘጋባት ነገረችኝ። ሌላ ሥራ ይዤ ነበር፣ የጠመንጃ አፈሙዝ እየጠረግሁ፤ ቀና ብዬ እንኳ በደንብ አላየኋትም። አውራ ጣትሽ ነክቶት ይሆናል አልኳት። አልነካሁትም አለች። ሳታቀባብይው ጥይት አይጎርስም፣ አትፍሪ ብዬ ሸኘኋት። ሽጉጡን ተቀብዬ መያዣዋን በጣቴ ብዳስሳት ኖሮ መበላቷን በአንድ ደቂቃ አውቀው ነበር። የሦስት ወሩ ምርመራ ላይም አልዳሰስኳትም። ያን ጊዜ ሽጉጡን ከሌሎቹ ጋር ደርድሬ፣ አይቼው አልፌ ፈርሜ ነበር።

በአደጋው ጠዋት እንደ ልማዱ ተረከበች። ካዝናውን በመዳፏ መትታ ከተተችው። ብረቱ ወደ ፊት ሮጦ ተዘጋ። እኔ እንደነገርኳት፣ እስካላቀባበለችው ድረስ ጥይት አልጎረሰም ብላ አመነች። የተወጠረውን የጥይት መምቻ ለማርገብ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አድርጋ ቃታውን ሳበች። ተኮሰ። ጥይቱ ሲሚንቶውን መትቶ ተፈናጠረና አጠገቧ ቆሞ የመውጫ መዝገብ ሲፈርም የነበረውን ባልደረባዋን ጉልበቱ ላይ አገኘው። እኔ ከክፍሌ ሮጬ ስወጣ ሽጉጡን መሬት አስቀምጣ በነጠላዋ ጉልበቱን እያሰረችለት ነበር። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ቀና ብላ ስታየኝ ግን፣ በራሱ ይዘጋል ያለችኝን ቀን እንዳሰበች ገባኝ። እኔም ያንኑ አስቤ ነበርና።

ሰውየው ዳነ፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አልታጠፍ አለ።

ጉዳዩን የሚያይ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከመሰብሰቡ በፊት የነበሩትን ቀናት እንቅልፍ አጥቼ አሳለፍኩ። መያዣዋ ተበልታለች ካልኩ፣ ፊርማህ ምንድን ነው ይሉኛል። ክፍት እንዳለ ክተቱ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ምችው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ነግራኝ የመለስኳት እኔ ነኝ። የቱንም ጫፍ ብስበው ወደ እኔ ይመጣል። እውነቱን እናገራለሁ እያልኩ እወስናለሁ፤ ሲነጋ ሌላ ሰው ሆኜ እነሣለሁ።

የኮሚቴው ዕለት እሷ ቆማ የሆነውን ሁሉ በሥርዓት ተናገረች። አላቀባበልኩትም፣ ካዝናውን ብቻ ነው የከተትኩት፣ በራሱ ነው የተዘጋው አለች። ከአባላቱ አንዱ ከንፈሩን ይዞ ፈገግ አለ። ሁለት ሳምንት ቀድማ ለእኔ መናገሯን አላነሣችም። ያን ዐረፍተ ነገር ልትናገር የሚገባት ቦታ ላይ ደርሳ ዝም አለችና ወደ እኔ ዞረች። ራሴ እንድናገረው ቦታ እየለቀቀችልኝ ነበር።

ሰብሳቢው እንዲህ ያለ ነገር ይሆን እንደሆነ ጠየቀኝ።

“ሽጉጥ በራሱ አይዘጋም” አልኩ። “ሰው ካልነካው አይዘጋም።”

“ጋሼ” አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “እስቲ እርስዎ እዚሁ ይሞክሩት።”

ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አነሣሁት። ካዝናውን አውጥቼ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አራገፍኩ። እዚህ ሰው ባለበት ጥይት የያዘ ካዝና አልከትም፣ ለጥንቃቄ ነው አልኳቸው። ሦስቱም ልክ ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ባዶ ካዝና ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በቀር እዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ካዝናው ባዶ ሲሆን በውስጡ ያለችው ሞላ መያዣዋን ከሥር ወደ ላይ ትገፋታለች፤ በመዶሻ ቢመታ እንኳ ብረቱ አይዘጋም። የመጨረሻው ጥይት ሲያልቅ ሽጉጥ ክፍት ሆኖ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ጥይት የያዘ ካዝና ግን አይገፋትም፤ የተበላች መያዣ የምታመልጠው ያኔ ነው።

ባዶውን ካዝና ከተትኩት። አልተዘጋም። አውጥቼ ደግሜ በመዳፌ መትቼ ከተትኩት። አልተዘጋም። ሦስተኛውን ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ መታሁት። ብረቱ ክፍት ሆኖ ቀረ።

ያኔ ፊቷን አየሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እውነቷን እንደያዘች ታውቅ ነበር። ከሦስተኛው ምት በኋላ የገዛ ቀኝ እጇን ዘርግታ አውራ ጣቷን አየችው። በእጇ የሆነውን ነገር መጠራጠር ጀመረች። ከሠራሁት ሁሉ ዛሬም ድረስ አንገቴን የሚያስደፋኝ ያ ነው። ሥራዋን ማሳጣቴ አንድ ነገር ነው፤ በራሷ ላይ የነበራትን እምነት ግን እያየሁ ነጠቅኋት።

በግድየለሽነትና ሐሰት በመናገር ከሥራ ተሰናበተች። የቆሰለው ባልደረባዋ ቤትም በሩን ዘጋባት። አደጋ መድረሱን ይቅር ሊሏት ይችሉ ነበር፤ መዋሸቷን ግን አልቻሉም። እሷም እህቷ ወዳለችበት ወደ ሞጣ ልጇን ይዛ ሄደች። ኮሚቴው በተበተነ በማግስቱ የመሣሪያ ክፍሉን በር ከውስጥ ቆልፌ የዚያን ሽጉጥ መያዣ በአዲስ ቀየርኩ። አሮጌዋን ኪሴ ከትቼ ወጣሁና ወደ መጸዳጃው ጉድጓድ ጣልኳት። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህን ዘለልኩት።

ከዓመት በላይ አለፈ። ሞጣ ቅርንጫፍ ያሉትን ጥበቃዎች ላሠለጥን ሄድኩ። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት በካዝና ሞልተን እያወጣን እየከተትን ነበር። እጀ ከባድ የሆነ አንድ ጎልማሳ ጥበቃ ካዝናውን መትቶ ሲከት ብረቱ ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ሁሉም አየው። ሰውየው ሁለት እጁን ፈታ አድርጎ እንዳልነካው አሳየ። ከጎኑ የነበረው ባልደረባው፣ ቢቸና የተባረረችው ሴት የተናገረችው ይህንኑ አልነበረም እንዴ ሲል ጠየቀ። ነገሩን ለክርክር አላነሣውም፤ እንዲሁ ማወቅ ፈልጎ ነው። ሁሉም የእኔን መልስ ጠበቁ።

“የዚህኛው አርጅቶ ነው” አልኩ። “የዚያኛው ሌላ ነው።”

አመኑኝ። ሁለተኛው ውሸት ከመጀመሪያው ቀለለኝ። ያ ራሱ አስደነገጠኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ቢቸና ለመመለስ መናኸሪያ ገባሁ። የተሳፋሪ ስም የምትመዘግበው እሷ ናት። እኔ ሳያት ልሸሽ ዞር ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ጠራችኝ። ብድግ ብላ ሰላም አለችኝ፤ ስለ ቤተሰቤ ጠየቀችኝ፤ ፀሐይ በማያገኘኝ በኩል መስኮት አጠገብ ወንበር ያዘችልኝ። ከዚያ የሰውየው ጉልበት እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እንደሚያነክስ ነገርኳት። 

“እኔ እኮ ጋሼ፣ አንዳንዴ ሳስበው አውራ ጣቴ ሳላውቀው ነክቶት ይሆናል እላለሁ” አለችኝ። “እርስዎ ያን ቀን ሦስት ጊዜ ሲመቱት አልተዘጋማ።”

ወደ ያዘችልኝ ወንበር ገብቼ ተቀመጥኩ። መኪናው ተነሣ። ከሞጣ እስከ ቢቸና ድረስ ግንባሬን መስኮቱ ላይ አስደግፌ፣ ሰው ያናገረኝን ሳልሰማ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ የሥራ ጉዳይ ሳይኖረኝ ሞጣ ሄድኩ። ለምሳ ሰዓት እስክትወጣ ጠብቄ መናኸሪያው አጥር ሥር ያለ ግንድ ላይ ተቀመጥን። ስለ መያዣዋ፣ ስለ ፊርማዬ፣ ስለ ባዶው ካዝና ነገርኳት። አሮጌዋን የት እንደጣልኳትም ነገርኳት። 

“ካዝናውን ባዶ ያደረጉት አውቀው ነው?” አለች።

“አውቄ ነው።”

“ለጥንቃቄ ነው ሲሉ እኔም አምኜዎት ነበር።” መዝገቧን ጉልበቷ ላይ ከፍታ መልሳ ዘጋችው። “ቀድሜ እንደነገርኩዎት ያላነሣሁት፣ እርስዎ ይናገሩታል ብዬ ነው። በእርስዎ ላይ መናገር ነውር መስሎኝ ነው።”

ይቅር በይኝ አልኳት። አዎም አይሆንምም አላለችኝም። ሥራውን መልሳ እንደማትፈልገው፣ የመሥሪያ ቤቱን ነገር እንደፈለግሁ ላደርገው እንደምችል ነገረችኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ለእሷ የነገርኳትን ቃል ሳላሳምር ለልጇ የክርስትና እናት ቤት እንድናገር። ከዚያ የምሳ ሰዓቷ ሳያልቅ ተነሥታ ሄደች።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ሰውየው ቤት ሄድኩ። ባልና ሚስቱ በደስታ ተቀበሉኝ፤ ሚስቱ ጠላ ቀዳችልኝ። ሳልቀምሰው ንግግሬን ጀመርኩ። ሰውየው የቆሰለ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ሰማኝ። የባዶውን ካዝና ነገር ስደርስ አስቆመኝና እንደገና እንዳስረዳው ጠየቀኝ። እሱም ስንት ዓመት መሣሪያ ይዟል፤ ሳስረዳው ወዲያው ገባው።

“እኔ እኮ አጠገቧ ነበርኩ” አለ። “ስታቀባብል አላየሁም። ይህን ለኮሚቴው ልናገር ሐኪም ቤት ተኝቼ አስቤ ነበር። አንተ በሦስት ምት አረጋገጥክ ሲሉኝ ዓይኔን ተጠራጠርኩና ተውኩት።” በእጁ ወደ በሩ ጠቆመ። “ልጅቷን ከዚህ በር የመለስኳት እኔ ነኝ። ወደ ሞጣ ሳይሄዱ፣ ከእናቷ ተደብቃ ልታየን መጥታ፣ በዚህ እግሬ ቆሜ መለስኳት።”

ሚስቱ ከተቀመጠችበት ተነሣች። የስድብ ቃል ጠብቄ ነበር። አልሰደበችኝም፤ ሁለት ፋሲካ ልጄን ሳላያት አለፈኝ ብላ ብቻ ወደ ጓዳ ገባች፤ እስክወጣ ድረስም አልተመለሰችም። ሰውየውም አልሸኘኝም።

ሰኞ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉንም ጻፍኩ። ሰብሳቢው መጀመሪያ አላምን አለ። የተዘጋ ጉዳይ ለምን ትከፍታለህ፣ ጡረታህ ደርሶ ራስህን ለምን ታዋርዳለህ ብሎ እንደ ወዳጅ መከረኝ። ደብዳቤዬን አስገባልኝ አልኩት። የመለማመጃ ጥይት የሞላ ካዝና ይዤ ከሞጣ በመጣው በዚያ በተበላው ሽጉጥ በፊታቸው አሳየኋቸው፤ በመጀመሪያው ምት ተዘጋ።  የእሷ ቅጣት እንደተሻረ የሚገልጽ ደብዳቤ ወደ ሞጣ ተላከላት። እኔ ከመሣሪያ ክፍሉ ተነሥቼ የወረቀትና የጽሕፈት ዕቃ መጋዘን ተመደብኩ። ጥበቃዎቹ አሁን መጀመሪያ ዘግተው ነው ካዝና የሚከቱት፤ ያን የሚያስተምራቸው ሌላ ሰው ነው።

ባልና ሚስቱ በዚያው ሳምንት ሞጣ ሄዱ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ የመጠየቅ መብትም የለኝም። ልጅቷ ለበዓል ቢቸና እንደምትመጣ ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜም ከክርስትና እናቷ ጋር በመንገድ አይቻታለሁ። እናቲቱ ግን ሞጣ ቀረች። ደብዳቤውን አንብባ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ እንደከተተችው ያደረሰላት ሰው ነግሮኛል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቤት ስሄድ የመሥሪያ ቤቱ አንድ ሠራተኛ መንገድ ላይ አስቆመኝ። እንደ እኔ ያለ ደፋር ሰው በዚህ ዘመን አይገኝም፣ በራስ ላይ መመስከር የወንድ ሥራ ነው አለኝ። ለልጆቹ ጭምር እንደነገራቸው አከለ። ልክ አይደለህም፣ ከዓመት በላይ ዝም ብያለሁ፣ ስለዚያስ ለልጆችህ ምን ነገርካቸው ልለው አፌን ከፈትኩ። እጁን ዘርግቶ ሲጨብጠኝ አመሰግናለሁ አልኩትና መንገዴን ቀጠልኩ።